ብሎክቼይንና የተሳሰሩ መሣሪያዎች፦ ከሰበካችን ወደ ውድድሩ ምን ይዘን እንሂድ?

(በሰቆጣ ለሰበካ ጉባኤ ተጠሪዎች፣ ለካህናትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስሙ ረጅምና እንግዳ ነው፤ ነገሩ ግን ከምናውቀው ከመዝገብና ከልኬት የራቀ አይደለም። ከአካባቢያችን ወጣቶች መካከል ስለ ብሎክቼይንና እርስ በርስ ስለ ተሳሰሩ መሣሪያዎች በሚደረግ «ሃካቶን» ለመወዳደር የሚፈልጉ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም እንድትደግፋቸው ጠይቀዋል። ድጋፉ የጉዞ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ በአንድ ቃለ ጉባኤ ያልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ሰበካዎቻችን ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር፣ ይኸውም በትክክል የተጻፈ ችግር፣ ሊሰጧቸው ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውድድሩ ጥቂት ልበል። ሃካቶን ማለት የኮምፒዩተር ባለሙያዎችና ተማሪዎች ከሦስት እስከ አምስት እየሆኑ ተቧድነው፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በአንድ አዳራሽ ሌሊቱን ጭምር እየሠሩ፣ ለተሰጠ ችግር የመፍትሔ ናሙና አዘጋጅተው ለዳኞች የሚያቀርቡበት ውድድር ነው። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 በካናዳ፣ በካልጋሪ ከተማ ለጋራ ሥራ በተሰባሰቡ ጥቂት የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ «ሶልቭ አይቲ» በሚል ስም ወጣቶችን በክልል ከተሞች ጭምር ሲያወዳድር ቆይቷል። ስለዚህ ነገሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በሁለት ቀን የተሠራ ናሙና ብዙውን ጊዜ ሽልማቱን አግኝቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም ችግሩ የታሰበው በከተማ፣ በአዳራሹ ውስጥ ነው። ችግሩን የሚኖርበት ሰው በቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

ብሎክቼይን የተባለው ምንድን ነው? ለካህናት የማስረዳው በባሕረ ሐሳብ ነው። ከወንበሩ አበቅቴና መጥቅዕ ይገኛሉ፤ ከመጥቅዕ በዓለ መጥቅዕ፣ ከዚያም መባጃ ሐመር፤ ከመባጃ ሐመር ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤ እያለ ይሄዳል። አንዱ ቁጥር ቢለወጥ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይናጋል። በላሊበላም በጎንደርም ያለ የባሕረ ሐሳብ መምህር ለብቻው ቀምሮ ወደ አንድ ቀን ይደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ደብር በራሱ ፈቃድ ትንሣኤን ቢያዛውር በዚያው ዓመት ይታወቅበታል። ብሎክቼይንም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ የመዝገብ ገጽ በላዩ ከተጻፉት ፊደላትና ቁጥሮች ሁሉ ተቀምሮ የሚወጣ ማኅተም አለው፤ ባለሙያዎቹ «ሃሽ» ይሉታል። የሚቀጥለው ገጽ የቀዳሚውን ገጽ ማኅተም ይዞ ይጀምራል። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ቁጥር ዛሬ ቢፋቅ የዚያ ገጽ ማኅተም ይለወጣል፤ ከእርሱ በኋላ ካሉት ገጾችም ጋር አይገጥምም። የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ በአንድ ሹም ሣጥን ሳይሆን በብዙ ሰዎች እጅ ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ቅጂውን ቢያበላሽ ሌሎቹ ይመሰክሩበታል።

አባቶቻችን ይህን አሳብ ያለ ኮምፒዩተር ያውቁት ነበር። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ይጻፍ የነበረው ለምንድን ነው? ማንም ደፍሮ ሊፍቀው ወደማይችል መጽሐፍ እንዲገባ ነው። የምስክሮች ስም ይዘረዘራል፤ የሚፍቀውም ይወገዛል። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈትም አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥርም። ይህ ሁሉ አንድን ጥያቄ ለመመለስ የተበጀ ሥርዓት ነው፦ የጻፈው ሰው ራሱ በኋላ እንዳይለውጠው ምን እናድርግ?

የውጭ አገር ሰዎችም ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ መልሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ስቱዋርት ሀበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የኮምፒዩተር ሰነድ መቼ እንደ ተጻፈ በማያጠራጥር ሁኔታ የሚረጋገጥበትን ዘዴ አቀረቡ። ከ1995 ጀምሮ ያቋቋሙት ድርጅት የሰነዶቹን የጋራ ማኅተም በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ የጠፋ ዕቃ በሚታወጅበት ዓምድ፣ ያሳትም ጀመር። በየቤቱ የገባውን ጋዜጣ ሁሉ ሰብስቦ መለወጥ የሚችል ማን አለ? ቢትኮይን የመጣው ከዚህ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይህን የማነሣው አንድ ነገር እንድትለዩልኝ ነው። የማይፋቅ መዝገብ ለመያዝ የዲጂታል ገንዘብ መግዛትም መሸጥም አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕጋዊው መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። «ብሎክቼይን» ብሎ መጥቶ የምእመናንን ገንዘብ በአክሲዮን መልክ የሚሰበስብ ሰው ቢገጥማችሁ በሩን ዝጉበት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የ2015 ዓ.ም. ክረምት በዋግ ኽምራ እንዴት እንዳለፈ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ዝናቡ አጥሮ አዝመራው ከሸፈ፤ ከብቱ አለቀ። በዚያው ክረምት መግቢያ፣ በሰኔ ወር፣ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ እህል ለታለመለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እየዞረ ነው በማለት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። እስኪመለስም ወራት አለፉ። እህሉን ያዞረው ሌላ ነበር፤ የተራበው ሌላ። በትክክል ያከፋፈለውና ያላከፋፈለው አብረው ተቀጡ። በቅንነት የሠራ ኮሚቴ ቅንነቱን ለሩቅ ሰው የሚያሳይበት መንገድ፣ ማንም ሊገለብጠው ወይም እንደ አዲስ ሊጽፈው ከሚችል የወረቀት ስም ዝርዝር በቀር ምን ነበረው? ስለ መዝገብ ስንነጋገር ስለ ጽሕፈት ቤት ጣጣ የምንነጋገር የሚመስለው ሰው ካለ ያንን ክረምት ያስብ።

በዚህ ረገድ ከውጭ የምንማረው አለ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 በዮርዳኖስ፣ በአዝራቅ መጠለያ ለነበሩ 10,000 ያህል የሶርያ ስደተኞች የሚሰጠውን ዕርዳታ በብሎክቼይን መመዝገብ ጀመረ። ስደተኛው ከመጠለያው ሱቅ ምግብ ሲወስድ በዓይኑ ምስል ይለይ ነበር፤ ሒሳቡም በመዝገቡ ይገባ ነበር። ለባንክ ይከፈል የነበረው የማስተላለፊያ ወጪ በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም ተቺዎች አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፦ መዝገቡን የሚይዘው ያው አንድ ድርጅት ብቻ ከሆነ ምስክሩ ማን ነው? ቆይቶ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት በመዝገቡ ተካፋይ ሆነ። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ወጣቶቻችን የሚሠሩት መዝገብ ቅጂው በሰበካው፣ በወረዳው፣ በዕርዳታ ኮሚቴውና በተረጂዎች ተወካይ እጅ ካልሆነ ስሙ ብሎክቼይን ቢሆንም ሥራው የአንድ ሰው ደብተር ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ድካም ግን ሌላ ነው። እንደገና ወደ ባሕረ ሐሳብ ልመልሳችሁ። በ2016 ዓ.ም. ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነበር፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ እንደ ሕጉ 30 ይሆናሉ። አንድ ደቀ መዝሙር ተሳስቶ ወንበሩን 11 ቢያደርግ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይወጣለታል። ድምሩ አሁንም 30 ነው! ስሌቱ እርስ በርሱ ይስማማል፤ መነሻው ግን ሐሰት ነው። ብሎክቼይንም ከዚህ አያመልጥም። አሥር ኩንታል ደርሶ ሳለ አሥራ አምስት ብሎ የጻፈ ሰው ማኅተሙ ያምርለታል። መዝገቡ የሚከለክለው በኋላ መፋቅን እንጂ በመጀመሪያ መዋሸትን አይደለም። ማኅተሙን ያገኘ ሐሰት ደግሞ ከተራው ሐሰት ይብሳል፤ የሚያምነው ይበዛልና።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ከአይኦኤችኬ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ3,500 ትምህርት ቤቶች የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ውጤት በብሎክቼይን እንደሚመዘገብ ተነግሮ ነበር። ዜናው ዓለምን ዞረ። በቆላው ቀበሌ ያለ መምህር ግን ያን ጊዜም ዛሬም የሚያስፈልገው ቀሪና ቅሪ የሌለበት የስም መጥሪያ፣ ቋሚ መብራትና የማይቋረጥ መስመር ነው። መነሻው በመምህሩ እጅ ነውና።

መሣሪያዎቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። የተሳሰሩ መሣሪያዎች የሚባሉት ሰው ሳይጽፍላቸው ለክተው፣ የለኩትን በሬዲዮ ወይም በስልክ መስመር የሚልኩ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። የዝናቡን መጠን፣ የጉድጓዱን ውኃ ከፍታ፣ የጎተራውን ሙቀት፣ የቀፎውን ክብደት የሚለኩ አሉ። የዋግ ማር ስሙ የተጠራ ነውና ቀፎ የሚመዝነው ለወጣቶቹ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ከውኃ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። በአፋርና በሶማሌ ክልል ቆላዎች በሞተር በሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ በሳተላይት መልእክት የሚልኩ መለኪያዎች ተተክለው ነበር። መለኪያው የሚያውቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ሞተሩ ዛሬ ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ይህ ትንሽ ነገር ግን «የውኃ ተቋሙ አገልግሎት እየሰጠ ነው» ከሚል የሩብ ዓመት ሪፖርት የተሻለ ነው። እናቶቻችን ቦኖው ከቆመ ወዲህ ስንት ቀን ወደ ወንዝ እንደ ወረዱ በሪፖርቱ አይገኝም፤ በመለኪያው ይገኛል። እርግጥ ነው፣ መለኪያው ፓምፕ አይጠግንም። ጠጋኝና መለዋወጫ ከሌለ መቆሙን በፍጥነት አውቀን በፍጥነት እናዝናለን።

መሣሪያም ይታለላል። የዝናብ መለኪያ ከዛፍ ሥር ቢተከል አነስተኛ ይለካል። የውኃ መቁጠሪያ የፈሰሰውን እንጂ ለማን እንደ ደረሰ አያውቅም። ከተማችን ስሟን የሰጠችው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት ነበር፤ ይህም ቢሆን የሚታወቀው የሕፃኑን ቁመት በጥንቃቄ በምትለካ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅ ነው። መለኪያን የሚጠብቅና በየጊዜው ከሰው ልኬት ጋር የሚያመሳክር ታማኝ ሰው ያስፈልጋል። ዲያቆን ሊሆን ይችላል፤ የውኃ ኮሚቴዋ ሴት ብትሆን ግን ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ቦኖው ሲቆም ጀሪካኑን የምትሸከም እርሷ ናትና።

በአገራችን ሁኔታ መስመሩ ዋና ችግር ነው። በጦርነቱ ዓመታት ስልክ እንዴት እንደ ተቋረጠ አይታችኋል። «ሎራ» የተባለው አነስተኛ ሬዲዮ በትንሽ ባትሪ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ብዙ ኪሎ ሜትር ያሻግራል፤ የስልክ ካርድም አይፈልግም። ተራራ ግን ያግደዋል፤ ላኪና ተቀባይ በዓይን መስመር መተያየት ይኖርባቸዋል። የተከዜን ገደሎችና የዋግን አምባዎች ለሚያውቅ ይህ ከባድ ነው። ነገር ግን በዚህ ምድር ከፍ ባለው ቦታ ላይ ቆሞ ቆላውን የሚያይ ማነው? አብያተ ክርስቲያናቱ አይደሉምን? በየኮረብታው ያለ ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ዓይነቱ ተቀባይ የተመቸ ቦታ ነው። ወጣቶቹ በአዳራሹ ካሉት ተወዳዳሪዎች ሁሉ የሚበልጡበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዳኞቹ ያልጠበቁት መልስ ይሆናል።

ይህን ስናገር አንዳንድ አባቶች ፊታቸው እንደ ጠቆረ አያለሁ፤ አውቃለሁ። ባለ አንቴና ሣጥን በደብር ላይ መትከል በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ሬዲዮ የሚያሰራጭ ዕቃ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ደንብ ማክበር አለበት። የወረዳው አስተዳደርና የጸጥታ ሰዎች አስቀድመው በጽሑፍ ማወቅ ይገባቸዋል። ሕዝቡም ሣጥኑ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገረው። ሣጥኑ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የት እንደሚቆም የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው፤ በመቅደሱ ጣሪያም ሆነ በጥንታዊ ዛፍ ላይ ሚስማር አይመታም። ብረት በኮረብታ ላይ መብረቅ ይስባልና የመሬት ሽቦው ነገር ለባለሙያ ይተው። እነዚህ ካልተሟሉ ናሙናው በአዳራሹ ይቅር።

ስለ ሰው ስምም አንድ ቃል አለኝ። የማይፋቅ መዝገብ መልካምነቱ አለመፋቁ ነው፤ አደጋውም ያው ነው። የተረጂውን ስም፣ ሕመሙን፣ የቤተሰቡን ችግር ለዘላለም በማይጠፋና ብዙዎች በሚያዩት ደብተር ላይ መጻፍ ነውር ነው። ዛሬ የተራበ ልጅ ነገ ራሱን ችሎ ሲቆም የረሃቡ መዝገብ ሊከተለው አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል፤ ካህናት ግን ምሥጢር መጠበቅን ከአዋጁ በፊት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የእህሉ መጠን፣ ቀኑ፣ የመረካከቢያው ማኅተም ይግባ፤ ስሞቹ በሰበካው ሣጥን በወረቀት ይቆዩ። ወጣቶቹ ይህን ለይተው ቢያቀርቡ ከብዙ የተማሩ ተወዳዳሪዎች የተሻለ አስበዋል ማለት ነው።

ለወጣቶቹ ጥቂት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የፕሮግራም መጻፍን መሠረት ያለ ክፍያ መማር ትችላላችሁ፤ መስመር ወዳለበት ከተማ መምጣት ግን ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ውድድር ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ይውላል፤ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ እንደምትወጡ አስቀድማችሁ ለአዘጋጆቹ ንገሩ። የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡ፦ የሠራችሁት ነገር ከውድድሩ በኋላ የማን ይሆናል? ንብረትነቱ ለስፖንሰሩ ነው የሚል ከሆነ የሰበካውን ችግር ይዛችሁ አትፈርሙ። በቡድናችሁም ኽምጣንጋ የሚናገር ሰው ይኑር። ቦኖው መቆሙን የሚናገር መልእክት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሚመጣ በኽምጣንጋ ድምፅ ቢመጣ በአበርገሌ ያለች እናት ትሰማዋለች።

ለሰበካዎች የምጠይቀው ይህ ነው። «የውኃ ችግር አለብን» የሚል ወረቀት አታምጡ፤ ያ ለማንም አይጠቅምም። አንድ የውኃ ተቋም ምረጡ። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ቆመ? እያንዳንዱ ጊዜ ስንት ቀን ፈጀ? መቆሙን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው፣ ለማንስ ነገረ፣ እንዴትስ ነገረ? ጠጋኙ ከየት መጣ፣ ዋጋውን ማን ከፈለ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? የወር መዋጮው የት ይጻፋል፣ ደብተሩንስ ከጸሐፊው ሌላ ማን ያየዋል? ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ቦኖው በዓይን ይታያል ወይስ ተራራ ይከልለዋል? የምታስታውሱትን ቀንና ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ ያልታወሰውን ቦታውን ባዶ ተዉት። ዕርዳታ ያከፋፈላችሁ ደግሞ እህሉ ከመጋዘን እስከ ቤት ስንት እጅ እንደ ተቀባበለና በየትኛው እጅ ላይ ፊርማ እንዳልነበረ በተራ ዘርዝሩ፤ የማንንም ስም አትጥቀሱ።

ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በእጅ ቢጻፍ ይበቃል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርና የውኃ ኮሚቴው ተጠሪ ይፈርሙበትና በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል ይላክ። መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌዎችና እናቶች ያሉትን ወጣቶቹ በስልክ በድምፅ ይቅረጹት፤ በኽምጣንጋም ቢሆን እንቀበላለን፤ የሚተረጉምልን አለን።